የጥቅምቱ አልጋ

ስልኩ የጮኸው ቨርና ሃሉስካ የላይኛውን ክፍል አንሶላ ከልብስ ማጠቢያው አውጥታ በክንዷ እንደታቀፈች ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገና አልሞላም። በዚህ ሰዓት የሚደውል ሰው ወይ መርዶ ይዟል ወይ ሩቅ አገር ነው ብላ አንሶላውን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጋ አነሣችው። ዋይሌን ነው። ዋይሌን የአላባማ ሰው፣ በያጅ ነው፤ ወደ ግሬብ ፖይንት የሚመጣው በሁለት ዓመት አንዴ፣ ጥቅምት ላይ፣ የኑክሌር ኃይል ማመንጫው ሥራ አቁሞ ነዳጁ ሲቀየር ነው። ሰባት ጊዜ መጥቶ ሰባቱንም ጊዜ ያደረው እሷ ቤት፣ ሐይቁን በምታየው የላይኛዋ ክፍል ነው።

«ሚስ ቨርና፣ በጠዋት ረበሽኩዎት።»

«አንተ መቼ ረብሸህ ታውቃለህ? ከማንኮራፋትህ በቀር።»

ሳቀ፤ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀበት። «ያቺን የጥቅምት ክፍሌን ለሌላ ሰው ይስጡልኝ።»

«ምነው፣ ታመምክ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ። የዓመቱን ምደባ ትናንት አወጡልን። ጥቅምትን ዊስኮንሲን ነኝ። እናንተ ጋ…» ጉሮሮውን ጠረገ። «እናንተ ጋ የተመደበ ሰው የለም። በያጅ የለም፣ የቧንቧ ሠራተኛ የለም፣ ክሬን ነጂ የለም። ወረቀቱ ላይ ስማችሁም የለ።»

«ቀኑን ገፍተውት ይሆናላ።»

«ይሆናል፣ ሚስ ቨርና። እሱም ይሆናል» አለ፤ ለቅሶ የደረሰ ሰው ተነሥቶ ሲሰናበት በሚያወጣው ድምፅ። ከዚያ የጉልበቷን ሕመም ጠየቃት፤ ያቺ ድመት አለች ወይ አላት፤ የደረጃው መብራት ተሠራ ወይ አላት። ሁሉንም መለሰችለት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ምን ብላ እንደመለሰችለት አላስታወሰችም።

በግሬብ ፖይንት የነዳጅ ዓመት የሚባል አለ። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ሠርግ የሚደግስ የለም፤ የሠርግ እንግዳ የሚያድርበት አልጋ በወረዳው ሙሉ አይገኝምና። አንድ ሺህ ተጓዥ ሠራተኛ ይመጣል፤ ምድር ቤት ያለው ምድር ቤቱን፣ ጋራዥ ያለው ጋራዡን ያከራያል፤ ቄሱ ሳይቀሩ ሁለት ክፍላቸውን ለክሬን ነጂዎች ለቀው መጻሕፍታቸው መሀል ተኝተው ያውቃሉ። ቨርና ሦስት ክፍል አላት፤ በሳምንት ሁለት መቶ ስልሳ ዶላር፣ ቁርስ ጨምሮ። ውል የለም፣ ቀብድ የለም። እንግዳው ሲሄድ በሩ ላይ እጇን ጨብጦ «የዛሬ ሁለት ዓመት» ይላታል፤ በቃ፣ አልጋው ተያዘ ማለት ነው። ነዳጅ ያልተቀየረለት ማመንጫ ምን እንደሚሆን ደግሞ ለዚህ አገር ሰው አስረጂ አያሻውም። ናፍጣ እንዳልተሞላለት ፋኖስ ነው፤ ያለችውን ጨርሶ ይጠፋል። ነዳጁ እንደ ስኳር ከሱቅ ተሮጦ የሚገዛ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው የሚታዘዘው። ሠራተኛ ያልተመደበለት ጥቅምት፣ ነዳጅ ያልታዘዘለት ጥቅምት ነው። ቨርና አንሶላውን መልሳ አነሣችና ልታሰጣው ወጣች፤ ከዚያ ለማን ነው የማሰጣው ብላ በረንዳው ላይ ቆመች። እርጥበቱ ደረቷን አርሶት ነበር።

ነገሩን ያከፋው ቀኑ ዛሬ መሆኑ ነው። ኩባንያው ዓመት ሙሉ ሲናገር የከረመው አንድ ነገር ነበር፦ ጋዝ ረክሷል፣ በጋዝ የሚሠራው መብራት ከእኛ ይረክሳል፣ በየቀኑ እየከሰርን ነው፤ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በየሰዉ የመብራት ሒሳብ ላይ ትንሽ ጨምሮ ካልደጎመን እንዘጋለን፤ ከደጎመን ግን እንቆያለን። የምክር ቤቱ ሰዎች ዛሬ ከቀኑ ሰባት ሰዓት የትምህርት ቤቱ ጂም ውስጥ ተቀምጠው ሕዝቡን ሊሰሙ ነው። ቨርና ከተናጋሪዎቹ አንዷ ናት። አራት ወር ሙሉ በዚያ ጉልበቷ በየቤቱ እየዞረች ፊርማ ስታሰባስብ ከርማለች፤ እውነቱን ለመናገር ለመብራቱም ለግብሩም ብላ አልነበረም። ልጇ ሩስ የማመንጫው መሐንዲስ ነው። ማመንጫው ከተዘጋ ሩስ ይሄዳል፤ ሩስ ከሄደ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ብሪን ትሄዳለች። ብሪን በየቅዳሜው መጥታ የአያቷን የወጥ ቤት መሳቢያ ሁሉ አውጥታ እንደገና የምትደረድር ልጅ ናት። ቨርና ሳምንቱን ሙሉ ማንኪያዋን ስትፈልግ ትከርማለች፤ ደስ እያላት።

ሁለት ሰዓት ላይ ኮኒ ሳታንኳኳ ገባች። ኮኒ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት፤ ባሏ ዱዊ የማመንጫው የፓምፕ መካኒክ ነው። አረንጓዴ ካናቴራ የታጨቀበት ካርቶን ተሸክማለች። «ማመንጫችን ይኑር» ይላሉ፤ ያሳተማቸው ኩባንያው ነው።

«መካከለኛ ነው ትልቅ?»

«ትልቅ ስጪኝ። ከሹራቤ በላይ ነው የምለብሰው።»

«የንግግርሽን ወረቀት አነበብሽው? ፊደሉን አተለቅኩልሽ። ሦስት ደቂቃ ነው፤ ቀዩ መብራት ሲበራ ማይክራፎኑን ይዘጉብሻል። አርዲስ ስምንተኛ ናት፣ አንቺን ዘጠነኛ አስገባሁሽ።»

«ከእህቴ ኋላ?»

«ሆን ብዬ ነዋ! እሷ ታናድዳቸዋለች፣ አንቺ ታስለቅሻቸዋለሽ።» ኮኒ ሳይሰጣ ወንበሩ ላይ የተመለሰው እርጥብ አንሶላ ላይ ሳታየው ተቀመጠችና ብድግ አለች፤ መቀመጫዋን እየዳበሰች ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የጆርጂያው ማመንጫ ሰዎች ትናንት ደውለው ነበር። ለዱዊ ቦታ አለን፣ ግን እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት መልሱን ንገሩን፣ ካለዚያ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን አሉ። እሱ ስብሰባውን ሰምተን ነው የምንወስነው አለኝ። ቨርና፣ እኔ እናቴን የት ጥዬ ነው ጆርጂያ የምሄደው? ዛሬ እነዚያን ሰውዬዎች አንበርክኪልን፤ እዚሁ እንቀራለን።»

ቨርና እርጥቡን አንሶላ አንሥታ አጣጠፈችው። ዋይሌን የነገራትን ብትናገር ኮኒ «ሩስስ ምን አለ?» ማለቷ አይቀርም። ሩስ ምን እንዳለ ደግሞ ቨርና አታውቅም። ማወቅ ያለባት መጀመሪያ ያንን ነው። «ልበሺው እስቲ» አለቻት ኮኒ ካናቴራውን ደረቷ ላይ እየለካች። ለበሰችው።

የሩስ ቤት ከእሷ ቤት በመኪና አራት ደቂቃ ነው። ሚስቱ ትሪና ጥርስ ሐኪም ቤት ሥራ ላይ ናት፣ ብሪን ትምህርት ቤት፤ ሩስ ለስብሰባው ፈቃድ ወስዶ ስለነበር ብቻውን አገኘችው። በሩን ከፍቶላት ካናቴራውን ሲያይ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። ወጥ ቤት ተቀመጡ። ስለ በረዶው አወሩ፤ መጋቢት ተጋምሶም ሐይቁ ዳር ዳሩ አልሟሟም። ስለ ዕንቁላል ዋጋ አወሩ። ሩስ የሚያወራው እንደ ሁልጊዜው ነበር። ማመንጫው ውስጥ ሕግ አለ፤ አዛዡ ይናገራል፣ ታዛዡ የሰማውን ቃል በቃል መልሶ ይደግማል፣ አዛዡ «ትክክል» ይላል፣ ከዚያ በፊት ማንም እጁን አያንቀሳቅስም። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ የሠራ ሰው ይህንን ቤቱ ይዞት ይገባል። ሩስ በሠርጉ ቀን ቄሱ ያሉትን ደግሞ «ትክክል» እስኪሉት ድረስ አፍጥጦ ሲጠብቃቸው ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ በሳቅ ፈርሷል። እሷም ለምዳዋለች፤ «ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ውሰደኝ» ስትለው «ስድስት ሰዓት ተኩል፣ እወስድሻለሁ» አላት፤ «ትክክል» አለችው። ከዚያ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣

«ዋይሌን ደውሎልኝ ነበር። ለጥቅምት አይመጣም» አለች።

ሩስ አልደገመውም። ተነሣ፤ ከመታጠቢያው አጠገብ ንጹሕ ኩባያ አነሣና ያጥበው ጀመር። ብዙ አጠበው። ከዚያ ቧንቧውን ዘጋው፤ ቧንቧውም ዝም አለ። ቨርና ያየችው ይህንን ነው። ያ ቧንቧ አራት ዓመት ሙሉ ሲያንጠባጥብ የኖረ ነው፤ ትሪና ድምፁ እንዳይረብሻት ከሥሩ ስፖንጅ ታስቀምጥ ነበር። ዛሬ ስፖንጁ የለም፣ ጠብታውም የለም። ዓይኗን አነሣች። የጓሮው በር ጎን ውሻው ቧጥጦት የነበረው ግድግዳ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። የወላለቀው የደረጃ መደገፊያ ተቸንክሯል። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ የነበሩት የቤተሰብ ፎቶዎች ወርደው ምስማሮቹም ተነቅለው ቀዳዳቸው ተደፍኗል። ሲኖርበት ያላደረገለትን ሁሉ ለቤቱ እያደረገለት ነው። ይህ ለማያውቁት ገዢ የሚዘጋጅ ቤት ነው።

«ነዳጁን አዘዋል?» አለችው።

«እማዬ፣ ፈርሜያለሁ።»

«ምን ብለህ ነው የፈረምከው?»

«እስኪያሳውቁ ድረስ ላልናገር።»

«እኔ እናትህ አይደለሁም?»

«ነሽ። ግን ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ማይክራፎን ፊት የምትቆሚ እናት ነሽ።» ኩባያውን አስቀመጠው፤ ጀርባውን እንደሰጣት ነው። «የምናውቀው ስድስት ሰዎች ነን። ከስድስታችን ዛሬ የምትናገር እናት ያለችው ለእኔ ብቻ ነው። ወሬው ከወጣ ከየት ወጣ ብለው አይደክሙም። ሌላ ማመንጫቸው ውስጥ ቦታ ሰጥተውኛል፤ እሱም ይቀራል።»

ቨርና የት እንደሆነ አልጠየቀችም። መቼ እንደሆነም አልጠየቀችም። ሩስ ግን ሳትጠይቀው መለሰ፤ «ብሪን ትምህርት ስትዘጋ ነው» አለ።

የማቀዝቀዣው ሞተር ሲነሣ ሁለቱም ደነገጡ። «ታዲያ ምክር ቤቱ ገንዘቡን ቢሰጥስ?» አለችው።

«ለኩባንያው ሌሎች ሁለት ማመንጫዎች ነው። የእኛ ትንሹም አሮጌውም ነው፤ ምን ቢሰጡት አያዋጣም።»

«ካናቴራውስ? ስብሰባውን ለምን እዚህ አደረጉት?»

«ለትንሽ ከተማ ሰው ይራራል ተብሎ ነው።»

«ማን ነው ያለው?»

ሩስ ዘወር አለ። አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ የአባቱ ግንባር፣ የአባቱ ሰፊ ጆሮ። «ስብሰባ ላይ ተባለ። እኔም ነበርኩ» አለ። «ወረቀትሽን አንብቢ፣ እማዬ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ያንን ወረቀት ብቻ አንብቢልኝ።»

ጂሙ ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጢም ብሎ ነበር። አረንጓዴው ካናቴራ አንዱን ወገን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል፤ በወዲያኛው ወገን አርባ የሚሆኑ ሰዎች ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል፤ ከእነሱም መሀል በፊተኛው ረድፍ የቨርና ታላቅ እህት አርዲስ ሰባ አንድ ዓመቷን እንደ ካርድ ደረቷ ላይ የለጠፈች ይመስል ቀጥ ብላለች። አርዲስ የመርከብ ማቆሚያው ዳር ለዓሣ አጥማጆች ትል የምትሸጥ ሴት ናት። ማመንጫው ሲገነባ ሟቹ የቨርና ባል ኢምሪ ኮንክሪቱን ሲያፈስ፣ አርዲስ ተቃውማ አጥሩ ላይ ራሷን በሰንሰለት አስራ ውላለች። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ በቤተ ክርስቲያንም በተለያየ ረድፍ ነው የሚቀመጡት፤ ለገና ካርድ ይላላካሉ፤ ሁለቱም ካርዱ ላይ ስማቸውን ብቻ ነው የሚጽፉት።

ስምንተኛ ስትባል አርዲስ ተነሣች፤ ገና ሳትናገር አረንጓዴው ወገን አጉረመረመ። «አጉረምርሙ፣ አጉረምርሙ፤ ሦስት ደቂቃዬን ግን አትብሉብኝ» አለች። «ክሊቭላንድ ያለች ጡረተኛ ምን ባጠፋች ነው የኩባንያ ኪሳራ በመብራቷ ላይ የሚደመርባት? ጋዙን እሷ አላረከሰችውም። ሲያተርፉ ለማንም አላካፈሉ። ደግሞ ሐይቁ ዳር የተደረደሩትን የኮንክሪት ጋኖች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ ያገለገለው ነዳጅ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ስትሠሩት፣ ወስደን ሩቅ እንቀብረዋለን ብላችሁን ነበር። አርባ ዓመት ጠበቅኳችሁ። ብትከፍቱትም ብትዘጉትም እነዚያ ጋኖች እኔን ቀብረው እዚያው ይቆማሉ። ገንዘብ ከመጠየቃችሁ በፊት ቆሻሻችሁን መቼ እንደምታነሡ ንገሩኝ።» ከወዲያ በኩል አንዱ «ትልሽን ሽጪ!» አላት። «እሸጣለሁ» አለች፤ «አንተም በዱቤ ትወስዳለህ።» ጂሙ ሳቀ፤ አረንጓዴዎቹም ጭምር።

ከዚያ ቨርና ተጠራች። ማይክራፎኑ ለአርዲስ ቁመት የተስተካከለ ነበር፤ አንዱ መጥቶ ዝቅ አደረገላት። ወረቀቱን ዘረጋች። የኮኒ ትልልቅ ፊደላት ናቸው። ኢምሪ ኮንክሪቱን ሲያፈስ በሲሚንቶው ስለ ተቃጠሉት እጆቹ፣ ማመንጫው በሚከፍለው ግብር ስለተሠራው ይኸው ራሱ ጂም፣ ጢስ ሳያጨስ አርባ ዓመት ስላበራው መብራት፣ በጥቅምት ስለሚሞሉት ቤቶች ይናገራል። ቃሎቹ የኮኒ ናቸው፤ ነገሩ ግን የራሷ ነበር፤ እያንዳንዱ እውነት ነበር። ስለዚህ ስታነብ ድምፅዋ አልዋሸም። ኢምሪ የሚለው ላይ ስትደርስ ተሰበረ፤ ስታነሣው ጂሙ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ አልነበረም። መሐል የተቀመጠችው የምክር ቤት ሴትዮ መነጽሯን አወለቀች። የወረቀቱ መጨረሻ ግን «እኛ የትም አንሄድም። እናንተ ከቆማችሁልን እኛም እዚሁ እንጠብቃለን» ይላል። ቨርና እዚህ ላይ ቀና አለች። ኮኒ የዱዊን ክንድ በሁለት እጇ ይዛ ከንፈሯን አብራት ታንቀሳቅሳለች፤ ቃሉን በቃሏ ታውቀዋለች። ከእነሱ በላይ፣ ከግድግዳው ጋር፣ ሩስ ቆሟል። አረንጓዴው መብራት ቢጫ ሆነ። ቨርና ልጇን አየችው፤ እሱ የሚያየው ወለሉን ነው። «እዚሁ እንጠብቃለን» ብላ አነበበች።

ቆመው አጨበጨቡላት። ወደ ወንበሯ ስትመለስ የማታውቃቸው ሰዎች ትከሻዋን ነካ ነካ አደረጓት። ከእሷ በኋላ ሃያ ሰው ተናገረ፤ አንዱንም አልሰማችም። አሥር ሰዓት ላይ የምክር ቤቱ ሰዎች አመስግነው ሄዱ፤ ሕዝቡም እንደ ልማዱ ወንበር ማጣጠፍ ጀመረ፤ በግሬብ ፖይንት የተቀመጠበትን ወንበር ሳያጣጥፍ የሚወጣ ሰው የለም። ሩስ ከአጠገቧ ሁለት ሁለት እያነሣ ግድግዳው ጋ ይደረድራል። ኮኒ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ፊቷ ትኩስ ነው፣ እርጥብ ነው።

«አንቺ ነሽ የወሰንሽልን! ሴትዮዋን አየሻት? አለቀሰች እኮ! ዱዊ በቃ አለ፤ ለጆርጂያዎቹ አንመጣም ሊላቸው አሁን መኪናው ውስጥ ሊደውል ገባ። ቨርና፣ እንቀራለን!»

ቨርና የኮኒን ጀርባ እንደያዘች ከትከሻዋ በላይ አሻግራ ሩስን አየችው። ሁለት ወንበር በእጁ ይዞ ቆሟል። እንደሰማ ታውቃለች። ራሱን አልነቀነቀም፣ አልለመናትም፤ ዝም ብሎ አያት፤ ልጅ ሳለ ትኩሳት ይዞት መርፌው ሲመጣ እንደሚያያት። ደግነት ምን እንደሆነ በዚያች ሰዓት ቢጠይቋት አታውቅም ነበር። የምታውቀው እቅፏ ውስጥ ያለችው ሴት ልብ ሲመታ ደረቷ ላይ እንደሚሰማት ብቻ ነው።

«ኮኒ» አለች በጆሮዋ። «ዋይሌን ለጥቅምት አይመጣም። ማንም አይመጣም። ነዳጅ አልታዘዘም።»

ኮኒ ወደኋላ አለች። ቨርናን አላየቻትም፤ ሩስን ነው ያየችው። ሩስ ዓይኑን ወንበሮቹ ላይ ጣለ። ለኮኒ ያ በቃት። በሁለቱ በሮች መሀል ሰው እየገፋች ሮጠች፤ ቨርናም እያነከሰች ተከትላት እስከ መስታወቱ በር ደረሰች። ዱዊ ፒክአፑ ውስጥ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ የሚያነጋግረው ሰው እስኪያነሣ በሙዚቃ እንደሚያስጠብቁት ሰው መሪውን በጣቱ ይመታል። ኮኒ በሩን ከፍታ ስልኩን ከጆሮው ነጠቀችው። ከመስታወቱ ወዲህ ድምፅ አይሰማም። የኮኒ እጅ ሲወራጭ ይታያል፤ ዱዊ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ አፉ እንደተከፈተ ቀረ፣ ከዚያ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ቀና ሲል ያየው ወደ ጂሙ በር ነበር። ቨርና ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም።

ስትመለስ ሩስ ወንበሮቹን እየደረደረ ነው።

«ሰኞ ይጠሩኛል» አለ ሳያያት።

«አውቃለሁ።»

«አይ። አታውቂም።» አንዱን ወንበር ሲያጣጥፍ ጣቱን ያዘው፤ ጣቱን አላየውም። «አንድ ነገር ነው የለመንኩሽ።»

«ሩስዬ…»

«ቤት የሚያደርስሽ ሰው ፈልጊ» አለና የቀሩትን ወንበሮች ጨረሰ። ወደ ስልሳ ይሆናሉ። ሁሉንም ጨረሰ፤ ካናቴራዋን ለብሳ ካፖርቷን በክንዷ ይዛ ቆማ ጠበቀችው፤ ሲጨርስ በጎን በር ወጣ።

የጾም ዓርብ ነበር፤ በጾም ዓርብ ከተማው ሁሉ ራቱን የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው የሚበላው። የሐይቅ ዓሣ ጥብስ፣ ድንች ጥብስና የጥቅል ጎመን ሰላጣ፣ ዐሥራ አራት ዶላር፤ ለሕፃን ሰባት። ቨርና እዚያ የደረሰችው በእግሯ ነው። ወደ ቤት መሄድ ነበረባት፤ ግን ቤቱ ውስጥ ያለው እርጥብ አንሶላ ነው። ሰሃኗን ይዛ ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ጥግ ሄደች፤ እጇ በልማዱ ካፖርቷን አጠገቧ ባሉት ሦስት ወንበሮች ላይ ዘረጋ፤ ለሩስ፣ ለትሪናና ለብሪን። ወሬው ከዓሣው ፈጥኖ በየጠረጴዛው እየደረሰ ነበር። አንዱ ጠረጴዛ ዝም ሲል ቀጥሎ ያለው ይዞራል። የማመንጫው በር ጠባቂ መጥቶ «ቨርና፣ እውነት ነው?» አላት፤ «እውነት ነው» አለችው፤ ትንሽ ቆሞ ሄደ። አንዲት ሴት ካናቴራዋን በራሷ በኩል አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ጠቀጠቀችው። ሌላዋ ጮክ ብላ «የገዛ ልጇ እያወቀ! እሷንም አስነበባት!» ትላለች። በቨርና ዙሪያ ያለው ጠረጴዛ ሳይታወቅ ባዶ ሆነ።

አርዲስ ሰሃኗን ይዛ መጣችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ዛሬ ደስ ብሎሽ ይሆናል» አለች ቨርና።

«አርባ ዓመት የለመንኩት ነው።» አርዲስ ሹካዋን አነሣች፣ አስቀመጠችው። «እዚህ ቁጭ ብዬ ማን ማን እንደሚሄድ ቆጠርኩ። ትሉን ማን ይገዛኛል አሁን?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስታነቢ ሳይሽ አንድ ነገር እንዳለ አውቄ ነበር። አንቺ ስትዋሺ ቀጥ ብለሽ ነው የምትቆሚው» አለቻት። ከዓሣዋ ትልቁን ቁራጭ ቆርሳ የእህቷ ሰሃን ላይ አደረገችው። «ብዪ።»

በሩ ተከፈተ፤ ሩስ ገባ፤ ትሪናና ብሪን ከኋላው ናቸው። ቨርና ሳታውቀው ከወንበሯ ብድግ አለች። ሩስ ወደ ጥጉ አላየም። ገንዘብ ተቀባይዋ ሴትዮ ሰሃን ልትዘረጋለት ስትል «አይ፣ ይዘነው ነው የምንሄደው» አላት፤ ድምፁ እዚህ ድረስ ተሰማ። ሦስት የካርቶን ሣጥን ሞሉለት። ብሪን ግን አያቷን አየቻት፤ እጇን ከፍ አድርጋ ወዘወዘች፣ ልትመጣም አንድ እርምጃ ተራመደች። ትሪና ትከሻዋን ይዛ ቀስ ብላ ወደ በሩ አዞረቻት፤ ክፋት አልነበረባትም፣ ዓይኗ ቀልቷል። ቨርና እጇን አንሥታ ነበር፤ ስታወርደው የት እንደምታደርገው ጠፋት። በሩ ሲዘጋ ቅዝቃዜው እስከ ጥጉ መጣ።

እሷም ተቀመጠች። ከወደ ሰልፉ መጨረሻ ሁለት ሕፃናት የያዘች፣ ከሌላ ሰፈር የመጣች ሴትዮ ሦስት ሰሃን በክንዷ ደርድራ ቦታ እየፈለገች ደረሰችና፣

«ይቅርታ እማማ፣ እነዚህ ወንበሮች ሰው አላቸው?» አለች።

ቨርና ወንበሮቹን አየቻቸው። ሴትዮዋ ክንዷ እየዛለ ነው፤ አንዱ ሕፃን ሹካውን ጥሏል።

«የላቸውም፣ ልጄ» አለች። ካፖርቷን ሰብስባ ጭኗ ላይ አደረገችው።